ሶሪቷና የማንጠግቦሽ መቀስ

ዲላ ከተማ፣ ከዋናው መንገድ ዳር፣ ከፈለኝ የሚባል ፎቶ አንሺ ነበር። ሙሽራውም፣ ሹመት ያገኘውም፣ መታወቂያ የሚያወጣውም የሚመጣው እሱ ዘንድ ነው። እሱም ሁሉንም እኩል ያዛል፦ “ቀና በል! እጅህን ጉልበትህ ላይ! እንዳትነቃነቅ!” ሰው መሐል ላይ ካልተቀመጠ ፎቶ አይመስለውም። ፊልሙን አጥቦ የሚያትመው ራሱ ሲሆን፣ የታተመውን በመቀስ አስተካክላ የምትቆርጠው ባለቤቱ ማንጠግቦሽ ናት።

በ1959 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ የሳይንስ መምህሩ ዘነበ ወደ ፎቶ ቤቱ ጎራ አለ።

“ጋሽ ከፈለኝ፣ ለክፍላችን ግድግዳ የአገራችንን ወፎች ያንሱልኝ። ልጆቹ በመጽሐፍ የሚያዩት የፈረንጅ አገር ወፍ ብቻ ነው።”

ከፈለኝ ነገሩ አዲስ ሆኖበት ደስ አለው። በማግስቱ በቡና ጭነት መኪና ጨለለቅቱ ወርዶ፣ ከዚያ በእግሩ ሬኮ የምትባል መንደር ገባና አቶ ሙሉካ ከሚባሉ ገበሬ ቤት አደረ። ሲነጋ ሽማግሌው ከቡናቸው መሐል ወዳለው ትልቅ ሾላ ወሰዱት።

“ሶሪት የምትባለዋ ወፍ ጠዋት ጠዋት እዚህ አትጠፋም። አንተ ብቻ ዝም ብለህ ጠብቅ” አሉት።

ዝም ማለት ለከፈለኝ ቀላል አልነበረም። የመጀመሪያዋ ሶሪት ቅርንጫፉ ላይ እንዳረፈች አፉ ለምዶበት “ቀና በይ!” አላት። ብር ብላ ጠፋች። አቶ ሙሉካ እንሰቱ ሥር ሆነው ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። እስከ ቀትር ግን ሌሎች እየመጡለት አሥራ ሁለት ጊዜ አነሣ።

ዲላ ተመልሶ ሲያትማቸው ወፎቹ ሁሉ መሐል ላይ ተቀምጠዋል፤ ዐይናቸው ሳይቀር ጥርት ብሏል። ያም ሆኖ አንድ ነገር የጎደላቸው መሰለው፤ ምን እንደሆነ ግን አልገባውም።

“ጉርድ ፎቶ አስመሰልካቸው እኮ” አለች ማንጠግቦሽ። “መታወቂያ ሊያወጡ ነው?”

“ሃያ ዓመት ሙሉ ያነሣሁ ሰው ነኝ! አንቺ መቀስሽን ያዢ!” ብሎ ተቆጥቶ ወጣ።

እሷም እንዳላት መቀሷን ያዘች። ከፈለኝ ሲመለስ አንዷ ሶሪት ተቆርጣ ጠረጴዛው ላይ ጠበቀችው። ከጅራቷ በስተኋላ የነበረው የቅጠል ክምር የለም። ወፏ ወደ ዳር ተጠግታለች።

“ገፍተሽ ዳር አስቀመጥሻት!”

“አልገፋኋትም። ከኋላዋ ያለው ቅጠል ምን ይሠራላታል? ፊት ለፊቷን ተውኩላት፤ የምታየው ወደዚያ ነዋ።”

ከፈለኝ ፎቶውን መስኮቱ ጋ ወስዶ ከምንቃሯ ፊት ያለውን ባዶ ቦታ በመዳፉ ሸፈነ። ወፏ ግድግዳ የገጨች መሰለች። መዳፉን ሲያነሣ ቅርንጫፉ ከፊቷ ተዘረጋ፤ አሁን ዘልላ የምትሄድበት አላት። ሃያ ዓመቱን አሰበና በራሱ ሳቀ።

“እስቲ ሌሎቹንም ቁረጪ” አላት።

ጎን ለጎን ተቀምጠው ሲቆርጡ ዋሉ። አንዷን ግን ማንጠግቦሽ አገላብጣ አይታ መለሰችለት። “ይቺን ስታነሣት ጅራቷን ከፎቶው ውጭ አስቀርተኸዋል። እኔ መቁረጥ እንጂ መቀጠል አልችልም።”

ቅዳሜ ሁለቱም ሬኮ ሄዱ። ከፈለኝ ትንሽ ወደ ኋላ ራቅ ብሎ ቆመ፤ ማንጠግቦሽ በጆሮው ታንሾካሹክለታለች፦ “ቆይ… ጀርባዋን ሰጥታሃለች… ቆይ… አሁን!”

የዚያን ቀኗን ሶሪት መቀስ አልነካትም።

መምህር ዘነበ ፎቶዎቹን ክፍሉ ውስጥ ሰቅሎ ባልና ሚስቱን ጠራቸው። ተማሪዎቹ ተጋፍተው ከበቡ። “ምን አይታ ነው እንዲህ የምታፈጠው?” አለች አንዷ፤ ሁሉም የየራሳቸውን መላምት ይናገሩ ጀመር። መምህሩ ከሥሩ “ፎቶ አንሺ፦ ከፈለኝ” ብሎ በትልልቁ ጽፎ ነበር።

“‹እና ማንጠግቦሽ› ብለህ ጨምርበት” አለው ከፈለኝ።

ማንጠግቦሽ ደስታዋ ፊቷ ላይ እየታየ፣ ያልሰማች መስላ ወደ ግድግዳው ጠጋ አለች። “መጀመሪያ ይቺን አቃኑልኝ” አለች፤ “ጠምማ ነው የተሰቀለችው።”