ሟቹ ራሳቸው ሲጠየቁ

ቋ፣ አለ የብረቱ ደረጃ። ትንሽ ዝም አለና እንደገና፣ ቋ። በሁለቱ መካከል የሚጎተት ጫማ ይሰማል፤ ከጫማው ኋላ ደግሞ ሰው ሁሉ እንዲሰማው ተብሎ የተለቀቀ የሚመስል ረጅም ማቃሰት።

ኡባህ ጣቶቿ የኮምፒውተሩ ፊደሎች ላይ እንዳሉ ደርቃ ቀረች። ይህን ምርኩዝ ሃርጌሳ ውስጥ የማያውቀው የለም። ጫፉ ላይ ከአሮጌ የጭነት መኪና የተነቀለ ብረት የተገጠመለት፣ የቡራሌ ጎዳድ ምርኩዝ ነው። ችግሩ፣ ቡራሌ ጎዳድ ሞተዋል። መሞታቸውን ደግሞ ዛሬ ጠዋት አገር ምድሩን ያረዳችው ራሷ ኡባህ ናት።

አለቃዋ ኬይሴም ድምፁን ሰምቷል። ማንም ሳይደውልለት ስልኩን ጆሮው ላይ ለጠፈና፣ ከትልቅ ሰው ጋር እንደሚነጋገር ሰው አንገቱን እየነቀነቀ፣ ወደ ውስጠኛው ክፍል ገብቶ በሩን ከውስጥ ቆለፈ።

የሚሠሩበት የዜና ድረ ገጽ ሲልሲላድ ይባላል፤ ሰንሰለት ማለት ነው። ኬይሴ ሲኮራበት ለጉድ ነው። ሌሎቹ ሻይ ቤት የተፋውን ሁሉ ሲለቅሙ እኛ እናጣራለን ይላል። ሕጉንም በትልልቅ ፊደል ግድግዳው ላይ አጽፎታል፤ "ሁለት ምንጭ፣ ሁለት ጎሳ" ይላል። አንድ ወሬ እንዲወጣ ሁለት ሰው ሊያረጋግጠው ይገባል፤ ሁለቱ ደግሞ ዘመዳሞች መሆን የለባቸውም፤ ዘመድ ሲዋሽ ባንድ አፍ ነውና። የማጣራቱ ሥራ የኡባህ ነበር። ሰው ዘንድ ስትደውል ከወሬው በፊት አያት ቅድመ አያቱን ታስቆጥረዋለች፤ የሁለቱ ምንጮች ሐረግ የሆነ ቦታ ላይ ከተገናኘ አንዱን ትጥላለች። ሃርጌሳ ውስጥ ደግሞ የማይገናኝ ሐረግ ማግኘት ዝናብ እንደመለመን ነው። እውነተኛ ወሬ ስንቱ ጠረጴዛዋ ላይ በሰበሰ። አንድ ጊዜ የገበያውን ቃጠሎ ዜና ያወጡት ሱቆቹ ተሠርተው ቀለም ከተቀቡ በኋላ ነው፤ እሳቱን ያየው ሁሉ የአጎት ልጅ ሆኖ ተገኘ።

የቡራሌ ሞት ግን እንደ ውሃ ነበር የወረደላት። ትናንት ከሰዓት በኋላ፣ ከታች ያለችው ሻይ ሻጭ ሽማግሌው ራሳቸውን በሻሽ ተጠቅልለው በታክሲ ወደ ሆስፒታል ሲወሰዱ እንዳየች ነገረቻት። ኡባህ በርበራ ላለው የወንድማቸው ልጅ ደወለች። ሰው ሞተ ወይ ተብሎ መቼም በቀጥታ አይጠየቅም፤ ስለዚህ "አዴር ቡራሌ ደህና ናቸው?" ብቻ ነው ያለችው፣ አጎቴ እንደማለት፤ ያውም በቀስታ። የወንድም ልጅ ሞኝ አይደለም። ከሃርጌሳ ጋዜጠኛ ደውላ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ስለ አጎቱ ደህንነት ከጠየቀችው ይህ መርዶ ነው። ስልኩን ዘግቶ ለቅሶውን ለቀቀው። እንባውን እየጠረገም ቡርኦ ለሚኖር የግመል ደላላ ወዳጁ ነገረው። ኡባህ ከሌላ ጎሳ ሁለተኛ ምንጭ ስታፈላልግ ያገኘችው ይህንኑ ደላላ ነው። ደላላው በደንብ እርግጠኛ ነበር። ወደ በርበራ መልሳ ስትደውል ደግሞ የወንድም ልጅ የሚናገርበት አፍ አልነበረውም፤ ከኋላው የሴቶች ዋይታ ይሰማል። ሁለት ምንጭ፣ ሁለት ጎሳ። የራሷ ጥያቄ አገር ዞሮ መልስ ሆኖ መጣላት። ሟቹ ቤት መደወል ነውር መስሎ ስለታያት፣ ቡራሌ ጥርስ ሊነቀሉ መሄዳቸውን የሚነግራት አልተገኘም።

በሩ ተከፈተ። ሟቹ ጉንጫቸው በአንድ ወገን አብጦ፣ በሂና የቀላ ጢማቸው ከሻሹ ሥር ብቅ ብሎ ገቡ። ሰላምታ ሰጡ፤ የኬይሴን ወንበር መርጠው ተቀመጡበት።

"ከቤቴ ነው የመጣሁት፣ አዴር" አሉ፤ በዚያ አገር ትልቁም ታናሹን አዴር ነው የሚለው። "ሌሊቱን ወዳጄ ዘንድ አድሬ ጠዋት ስመለስ ደጄ ላይ ድንኳን ተጥሏል። ተሰለፍኩና የራሴን የለቅሶ ሩዝ በላሁ። ጨው ይጎድለዋል።"

ኡባህ ይቅርታ ለማለት አፏን ከፈተች፤ አላስጨረሷትም። በሻሹ የተነሳ ማንም እንዳላወቃቸው፣ አጠገባቸው የተቀመጠ ሰውዬ እየጎረሰ "ጉረኛ ነበር፣ ግን አላህ ይማረው" እንዳላቸው፣ እሳቸውም አሜን ብለው አጥንቱን እንዳቀበሉት ተረኩላት። ሲተርኩ የተነቀለው ጥርሳቸው ቦታ አየር እያፏጨ ይወጣል።

የኡባህ ስልክ ጠረጴዛው ላይ ተርገፈገፈ። ከተቆለፈው በር ጀርባ፣ ኬይሴ ነው የጻፈው። አስታርቂን፤ ሽማግሌዎች ከሰበሰቡብን አልቆልናል፤ መጀመሪያ ከዚህ የምትወጪው ደግሞ አንቺ ነሽ፣ ይላል።

ሥራዋን ትወደው ነበር። በዚያ ላይ ቤተሰቧን የምታበላው እሷ ናት።

"አትፍሪ" አሉ ቡራሌ። "ሽማግሌ አልሰበስብም፤ ካሳም አልጠይቅም። የጻፍሽውን ድንኳኑ ውስጥ ጮክ ብለው ሲያነቡት ሰማሁ። ይህን ሁሉ ዘመን ስኖር እንዲህ ብሎ ያወደሰኝ ሰው የለም። ሞቱን ሰርዢው፤ ሌላው እንዳለ ይቆይ። በተለይ ግጥሙ።"

ለኡባህ ከዚህ የተሻለ ምሕረት ከሰማይ አይወርድላትም ነበር። ግጥሙ ባይኖር።

ቡራሌ በጉብዝናቸው የጭነት መኪና ሹፌር ነበሩ፤ ስማቸው የተጠራው ግን በመኪናው አልነበረም። በአንድ ግጥም ነው። ሕፃን አዋቂው በቃሉ ይለዋል፦

መንገድ ዳር ቆሜ መሸብኝ፣ መብራትህ መጣ መስሎኝ፤
መኪናው የሁሉን መለሰ፣ የኔን ማን መለሰልኝ?

ሽማግሌው ደረጃውን ከመውጣታቸው ጥቂት ቀደም ብሎ ከገቢሌ አንዲት ሴት ደውላ ነበር። ዱኒዮ ትባላለች። አላለቀሰችም፤ ሟቹንም ነፍስ ይማር አላለችም። ያ ግጥም የእናቴ ነው አለች። እናቷ መንገድ ዳር ሻይ ትሸጥ ነበር፤ ባሏ ከጭነት ጋር ሄዶ አልተመለሰም። ቡራሌ እዚያ እየቆመ ሻይ ሲጠጣ ግጥሙን ከአፏ ሰምቶ ወሰደው፤ ለማንም ስሟን ሳይነግር። ኡባህ ምንጭ እንዳላት ስትጠይቃት ሴትየዋ ሳቀችባት። "ሹፌር መንገድ ዳር ቆሞ የመኪና መብራት ይጠብቃል ወይ? የሱ መብራትማ ከፊቱ ነው የሚሄደው" አለቻት።

ይህ ነገር ኡባህን እንደ አሸዋ ጫማዋ ውስጥ ገብቶ ይቆረቁራት ጀመር። የቡራሌን አሮጌ ካሴት ቅጂ ፈልጋ ከፈተች። ግጥም የሚያወርድ ሰው ሁሉ ከመጀመሩ በፊት ይህን ያለው እገሌ ነው፣ ያለውም በእንዲህ ያለ ምክንያት ነው ይላል፤ ያ ሳይባል ማንም ጆሮ አይሰጥም። የራሱን የሚል ብቻ ነው በቀጥታ የሚጀምረው። ቡራሌ በካሴቱ ላይ የሰውን ግጥም ሁሉ በስሙ እየጠሩ ያወርዳሉ። ያኛው ግጥም ላይ ሲደርሱ ግን ጉሮሯቸውን ጠረጉና ገቡበት። የኔ ነው አላሉም። የእሷ ነው አላሉም። አገሩ ቀሪውን ራሱ ሞላው።

አሁን ባለጉዳዩ የኬይሴ ወንበር ላይ ተቀምጠው ያበጠ ጉንጫቸውን ይዳብሳሉ።

"አዴር" አለች ኡባህ፤ ድምፅዋ ከጠበቀችው በላይ ቀጠነ። "እርስዎን የገደልኩት፣ ሰውን ሁሉ ጠይቄ እርስዎን ብቻ ስላልጠየቅሁ ነው። አሁን ልጠይቅዎ።"

"ጠይቂ።"

"ግጥሙን እንደ ወጉ ይበሉልኝ። ከመጀመሪያው፣ ያለው ሰው ከሚጠራበት። የጠሩትን ስም እጽፋለሁ። የራስዎን ከጠሩም እጽፋለሁ፣ ሌላ ምንጭ አልፈልግም። ስም ካልተጠራ ግን ግጥሙን ከጽሑፉ እሰርዘዋለሁ።"

ስልኩ ተርገፈገፈ። እሺ በያቸው፣ ይላል። እንደገና ተርገፈገፈ፤ አንቺ ልጅ፣ ይላል። ኡባህ በአፉ ደፋችው።

ቡራሌ ሳቅ አሉ። አሥር ግጥም ልበልልሽ ብለው ስለ ዝናብ፣ ስለ ግመል፣ ስለ አንድ ስስታም ነጋዴ ያወርዱ ጀመር፤ ሁሉንም በባለቤቱ ስም፣ ነፍሱን ይማር እያሉ። ኡባህ ግጥም አልቆባቸው እስኪደክሙ ሰማቻቸው። ከዚያ የኮምፒውተሩን ገጽ ወደ እሳቸው አዞረችው። ጽሑፉ ውስጥ "ግጥሙን ያለው" ከሚለው በኋላ የነበረውን ስማቸውን አጥፍታዋለች፤ ባዶው ቦታ ላይ ቀጭኗ መስመር ብልጭ ድርግም ትላለች።

"ይህን ያለው" አለች ኡባህ፤ እሳቸው እንዲቀጥሉት።

ሽማግሌው ከወንበሩ ቀና አሉ። ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ ልክ በካሴቱ ላይ እንደሚሰማው።

"ይህን ያለው" አሉ።

ከታች የሻይ ሻጯ ብርጭቆዎች ይንቃጨላሉ። ቡራሌ ብልጭ ድርግም የምትለዋን መስመር አፍጥጠው አዩዋት፤ እንደ ሩቅ መብራት። አፋቸው እንደተከፈተ ቆየ። ቀጥሎ ቀስ ብሎ ተገጠመ።

ተነሱ። ሻሹን ጉንጫቸው ላይ አጥብቀው ጠመጠሙት። ቅር ብሏቸው እንደሆን፣ ታርቀው እንደሆን፣ ፊታቸው ላይ የሚነበብ አልነበረም። በሩን ከፍተው ወጡ። ኡባህ ያንን ቋ የሚለውን ድምፅ ጠበቀች፤ አልመጣም። በመስኮት ስታይ ሽማግሌው ምርኩዛቸውን ብብታቸው ሥር ሸጉጠው፣ በብረቱ ደረጃ፣ ኮቴያቸውን ሳያሰሙ ይወርዱ ነበር።