ጠረጴዛው በሩ ላይ የተቀረቀረ ዕለት

ኦቻንን ወገቡን ማመም ከጀመረው ስድስት ዓመት አልፎታል። ባሮ ዳር ከመኪና ላይ እንጨት ሲያወርድ አንድ ግንድ ተንሸራቶ ጣለው፤ ተነሣ፣ አቧራውን አራገፈ፣ ሥራውን ጨረሰ። ሕመሙ ግን አብሮት ቀረ። ጠዋት ከአልጋው ለመውረድ አራት ነገር ማድረግ ነበረበት፤ በጎኑ መዞር፣ እግሩን ማውረድ፣ የሚስቱን የልድያን ትከሻ መያዝና መጸለይ። ልድያ አራተኛው ላይ ሲደርስ “አሜን” ትላለች፣ ሁለቱም ይስቃሉ።

ከቤት ውጭ ግን ስለ ወገቡ ትንፍሽ ብሎ አያውቅም። ጋምቤላ ክልል ከሆነች ገና ሁለተኛ ዓመቷ ነበር። በየሳምንቱ አንድ ቢሮ ይከፈታል፤ ወንበሩ፣ መደርደሪያው፣ ታይፕራይተሩ በመኪና ተጭኖ ይመጣል። ለጫኝና አውራጅ እንዲህ ያለ ዘመን ታይቶ አይታወቅም፤ ወገቡን የሚያመውን ጫኝ ግን ማን ይቀጥረዋል? ስለዚህ ኦቻን ጥርሱን ነክሶ ሲቀልድ ይውላል። አብሮት የሚሠራው ቢየል፣ ቁመቱ በር የማይበቃው የኑዌር ሰው፣ ደረጃ በወጡ ቁጥር ስለሚዘፍን ኦቻን በጤናው ይቀናበት ነበር።

አንድ ሰኞ ጠዋት ከመቲ ከተማ አንድ ጠረጴዛ መጣ። ከደን እንጨት የተሠራ፣ አራት ሰው የሚተኛበት ነገር ነው። ባለቤቱ አቶ ጌዴዎን ከደጋው አገር የመጡ የቀድሞ አስተማሪ ናቸው፤ የአዲሱ ቢሮ ኃላፊ ከሆኑ ጀምሮ ሦስት ወር ሙሉ ካርቶን ላይ ሲጽፉ ቆይተዋል። አምስት ሰዓት ላይ የመጀመሪያው ስብሰባ ስለነበረ ጠረጴዛውን በመስኮት ሲያዩት እንደ ልጅ አጨበጨቡ፣ የሚቀመጥበትን ቦታም ራሳቸው ጠረጉለት።

ኦቻን ከፊት ሆኖ ወደ ኋላ እየተራመደ፣ ቢየል ከታች እየዘፈነ ደረጃውን ወጡ። በሩ ጠባብ ነበርና ኦቻን ጠረጴዛውን ለማዞር ጎንበስ አለ። ወገቡ እዚያው ላይ ተያዘ። ጠረጴዛው በሩ ላይ ተቀረቀረ፤ ግማሹ ውስጥ፣ ግማሹ ኮሪደር ላይ። ኦቻን ከውስጥ በኩል፣ ፊቱን ወደ መሬት አድርጎ፣ አቶ ጌዴዎን ፊት እንደ ጎበጠ ቀረ።

አቶ ጌዴዎን እጅ የነሣቸው መሰላቸው። ኧረ አያስፈልግም ብለው እሳቸውም አጸፋውን ጎንበስ አሉ። ቀና ሲሉ ኦቻን እንዳጎነበሰ ነው። እንደገና ጎንበስ አሉ። ሦስተኛው ላይ ኦቻን መታገሥ አቃተው።

“አቶ ጌዴዎን፣ እጅ እየነሣሁ አይደለም፤ ወገቤ ነው እምቢ ያለኝ።”

ሰውየው ሳቃቸው አምልጧቸው አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። ኦቻንም ሳቀ። ሲስቅ ወገቡን ይወጋዋል፣ ሲወጋው ይጮኻል፣ ጩኸቱ ደግሞ መልሶ ያስቀዋል።

“ወገብህን ያምሃል እንዴ?” አለ ቢየል ከኮሪደሩ።

“ስድስት ዓመቴ ነው።”

“እኔ ጉልበቴን አራት ዓመቴ ነው” አለ ቢየል። “ደረጃ ላይ የምዘፍነው ላለመጮህ ነው።”

ይሄን ሲሰማ ኦቻን ከሳቁ ብዛት መቆም አቃተው፤ ጠረጴዛውን እንደያዘ በጉልበቱ ተንበረከከ።

ቢየል ወርዶ አጠገባቸው ካለው ክሊኒክ ነርሷን ኛሪየክን ጠራት። ነጭ ጋውኗን ሰብሰብ አድርጋ በጠረጴዛው ሥር እየዳኸች ገባች። እግሩ ይደነዝዝ እንደሆነ፣ ሽንቱን ይቆጣጠር እንደሆነ ጠየቀችው፤ አቶ ጌዴዎን በጨዋነት ወደ መስኮቱ ዞሩ። ከዚያ መሬት ላይ በጀርባው አስተኝታ ሁለት እግሩን ወንበር ላይ ሰቀለችለት፤ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ እንዳይነሣም አዘዘች።

በዚህ መሃል አምስት ሰዓት ሆነና ተሰብሳቢዎቹ መጡ። የሚገቡበት አጡ። አቶ ጌዴዎን ጥቂት አሰቡና ወንበር ኮሪደሩ ላይ አስደረደሩ፤ እሳቸው ከውስጥ፣ እንግዶቹ ከውጭ፣ ጠረጴዛው መሃል ላይ ሆኖ ስብሰባው ተጀመረ። ስለ ቢሮ ዕቃ ሲነሣ አንዱ ተሰብሳቢ ከወለሉ ላይ “የሚቀጥለው ጠረጴዛ ተፈታትቶ ይምጣ” የሚል ድምፅ ሰማ። የተናገረው ሰው እግሩ ብቻ ነበር የሚታየው። ሐሳቡ በሙሉ ድምፅ አለፈ፣ ቃለ ጉባኤ ላይም ተጻፈ።

ኛሪየክ ለኦቻን እውነቱን አልደበቀችውም። ሕመሙ ነቅሎ አይሄድም፤ ግን አብረው መኖር ይችላሉ። ከጉልበቱ እንጂ ከወገቡ እንዳይጎነብስ፣ ከባዱን ለሁለትና ለሦስት እንዲያነሡ፣ ጠዋት ጠዋትም ሰውነቱን እንዲያፍታታ አስተማረችው። ቢየልንም ጨመረችው። ሁለቱ በማለዳ ባሮ ዳር፣ ውኃው ጉልበት በማይደርስበት ቦታ፣ እጃቸውን ዘርግተው ቀስ ብለው ቁጢጥ ማለት ጀመሩ። በሳምንቱ ሌሎች ሦስት ጫኞች መጡ፤ አንዱ ትከሻውን፣ ሁለቱ አንገታቸውን ለዓመታት ደብቀው ኖረዋል። ልብስ የሚያጥቡት ሴቶች ነገሩ ግራ ገባቸውና አዲስ ቤተ ክርስቲያን ተከፍቶ እንደሆነ ልድያን ጠየቋት። እሷም ሳትስቅ፣ አዎ፣ የወገብተኞች ናት፣ አባል የሚሆኑት ግን ያመማቸው ብቻ ናቸው አለቻቸው። በማግስቱ ከሴቶቹ አራቱ ልብሱን ትተው ከኋላ ተሰለፉ።

ኦቻን አሁንም ክፉ ጠዋት አለው። ልዩነቱ አሁን ይናገራል። አንድ ቀን ገበያው አጠገብ የአንዲት አስተማሪ ቁም ሣጥን ተሸክመው ሲሄዱ፣ “ዛሬ ብሶብኛል” ብሎ ቀላሉን ጫፍ ጠየቀ። ቢየል የባሰበት እሱ እንደሆነ ተናገረ። ቁም ሣጥኑን መንገድ መሃል አስቀምጠው፣ አንዱ ወገቡን ሌላው ጉልበቱን ይዞ፣ ማን የበለጠ እንደታመመ ክርክር ያዙ። አላፊ አግዳሚው ቆሞ ይፈርዳል፣ ግማሹ ለወገብ፣ ግማሹ ለጉልበት። በመጨረሻ አስተማሪዋ ሰለቻትና ነጠላዋን አደግድጋ ከባዱን ጫፍ ራሷ አነሣች። ሁለቱ በሌላው ጫፍ ተሻምተው ገቡ፣ እየሳቁም ቤቷ ድረስ ተከተሏት።