ጓሮ ያለው ደወል

ዳሌዬ ተሰብሮ አልጋ ከያዝኩ ወዲህ ባለቤቴ ሁለት ሥራ አለው፤ እኔን ማስታመምና ሽቦ መቀጣጠል። የመጀመሪያውን ወዶ አልገባበትም። ሁለተኛው ግን የቆየ ሱሱ ነው፤ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ በነበረበት ዘመን እንኳ የአንድ ሬዲዮ ሆድ ዕቃ ሳይዘረግፍ እንቅልፍ አይወስደውም ነበር። የጓሮዋ ክፍል የእሱ ናት። ብጮህ ድምፄ እዚያ አይደርስም፤ በስልክ እንዳልጠራው ደግሞ ስልኩን የት እንደጣለው አያውቅም።

ስለዚህ ደወል ሠራልኝ። ትራሴ አጠገብ ቁልፍ አለች፤ እሷን ስጫን ጓሮ ያለው፣ የደወሉ ዕቃ የተበየደበት ሰሌዳ ይጮኻል። ድምፁ እኔ ጋ አይሰማም፤ ተጭኖ መጠበቅ ብቻ ነው። ደህና ሲሠራ ከርሞ አንድ ቀን ባለቤቴ ባትሪውን ገልብጦ አስገባና አይሲውን አቃጠለው። አይሲ የሚለው ደወሉን የሚያዘውን ስምንት እግር ያለው ጥቁር ቁራጭ ነው፤ ለእኔ በረሮ ነው የሚመስለኝ። ሰሌዳው ላይ ተበይዶ ስለነበር እግሮቹን አንድ በአንድ እያቀለጠ ሲነቅል ሰሌዳውን ራሱን ሊያበላሸው ምንም አልቀረውም።

«ሁለተኛ አይሲ አልበይድም» አለኝ፣ አዲሱን ይዞ አልጋዬ ጫፍ ላይ ቁጭ ብሎ። «ሶኬት ነው የማደርግለት። የሚበየደው ሶኬቱ ነው፤ አይሲው ከላይ ይሰካል። ሲበላሽ ንቅል አድርጎ ሌላ መሰካት ነው።»

«ምናለ ለእኔም ዳሌ እንደዚያ ብታደርግልኝ!» አልኩት።

ሳቀ። ሳቁ ግን ለይሉኝታ ነበር፤ ዓይኖቹ ከድካም ብዛት ደም መስለዋል። ማታውኑ ሰክቶ ሞከረው፤ ጮኸ አለኝ።

በማግስቱ ውሃ ጠማኝና ተጫንኩ። አልመጣም። ጎኔን እንዲያገላብጠኝ ተጫንኩ። አልመጣም። በሰዓቱ ምሳ ይዞ ሲገባ ፊቱን አየሁት፤ ምንም የለበትም። አልጠየቅኩትም። ደወሉ እንደሆነ ገና ትናንት ተጠግኗል፤ ለእኔ የታየኝ የእሱ ድካም ነው። ያነሳኛል፣ ያጥበኛል፣ ያበስላል፣ ሌሊት ይነሳል። አሁንስ በቃው፣ ጆሮ ዳባ ልበስ አለኝ ብዬ ሆድ ባሰኝ። ጥቂት ቀን ደጋግሜ ተጫንኩና ተውኩት። ከምሳ የተረፈውን ውሃ አጠገቤ አስቀምጬ እየቆጠብኩ መጠጣት ጀመርኩ።

አንድ ከሰዓት በኋላ ፊቱ በርቶ ገባ። «ተሽሎሻል መሰለኝ! ሰሞኑን ጠርተሽኝ አታውቂም። እውነቴን ነው፣ እኔም ትንሽ አረፍኩ።»

ደሜ ፈላ። «ጣቴ እስኪዝል ስጫን አልነበር እንዴ! ደግሞ አረፍኩ ይለኛል!»

ፊቱ ክስም አለ። ወጣና ሰሌዳውን ይዞ ተመለሰ። ብርድ ልብሴ ላይ አስቀመጠው፤ አይሲውን በቀጭን ጠመንጃ መፍቻ ከሶኬቱ ፈልቅቆ ገለበጠው። ሰባቱ እግሮች ቀጥ ብለዋል። አንዷ ግን ከሆዱ ስር ታጥፋ ተኝታለች።

«ስሰካው የሶኬቱን ቀዳዳ ስታለች» አለ። «ከላይ ሲያዩት የገባች ይመስላል። ያን ለት ነካ አድርጋ ስለነበር ጮኸ፤ ከዚያ ለቀቀች።»

እንዳትሰበርበት እየተጠነቀቀ በወረንጦ አቃናት። መልሶ ሰካውና ሁለት ሽቦ ሲያነካካ ሰሌዳው ጮኸ። አስቀያሚ ድምፅ ነው፤ ስሰማው የመጀመሪያዬ ነበር። ሁለታችንም ደስ አላለንም።

«እየሰማሁ የቀረሁ መስሎሽ ነው ዝም ያልሽው?»

«አዎ» አልኩት። «ሰልችቼዋለሁ ብዬ ነው።»

ወረንጦውን ኪሱ ከተተ። «ማንሳቱም ማጠቡም ሰልችቶኛል» አለ። «ወገቤ አልቋል። አልዋሽሽም። ግን እየሰማሁሽ አልቀርም።»

ይህን ሁሉ ዘመን አብረን ስንኖር እንዲህ ያለ ነገር ተናግሮኝ አያውቅም። እንባዬ መጣ፤ እንዳያየው ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ። ሰሌዳውን ይዞ ወጣና ወደ ጓሮ ሄደ።

ውሃ አልጠማኝም፣ ጎኔም ደህና ነበር። ሽቦውን የሚያገናኝበት ጊዜ ሰጠሁትና ተጫንኩ።

«አቤት!» አለ ከጓሮዋ ክፍል ወጥቶ ከደጅ። ከዚያ ኮቴውን ሰማሁ። እግሩን እየጎተተ ነው፤ ግን እየመጣ ነው።