የፋንታሁን አርባ

ወደ የመን ስደተኞች የጫነችው ጀልባ ከጅቡቲ ወደብ ከኦቦክ ማዶ ከተገለበጠች ወዲህ ፋንታሁን ሞቷል ተብሎ ደሃና ላይ ተለቅሶለታል። ለቅዳሜ የአርባ ቀን ተዝካሩ ጠላው ተጠንስሷል። ሐሙስ ረፋድ ላይ ግን ሰቆጣ ፎቶ ኮፒ ቤት ለሚሠራው አብሮ አደጉ፣ ለይሄይስ፣ ስልክ ተደወለ። የደወለው ራሱ ሟቹ ነበር።

ዓሣ አጥማጆች አውጥተውት ጭኑ ተሰብሮ፣ ትኩሳት እያቃጠለው ከመንደራቸው ከርሞ ኖሯል። በኋላ የአንድ ሩቅ አገር ባሕር ኃይል የሆስፒታል መርከብ የወደቡን ድኻ በነጻ ልታክም ስትመጣ፣ በቃሬዛ ወደ ላይ አወጡት። መድፍ የላትም፣ ፎቅ የምታህል ነጭ ናት አለ። አጥንቱን በብረት ጠግነውለታል። በቃሉ የያዘው ቁጥር የይሄይስን ብቻ ስለሆነ በአስተርጓሚው ስልክ ደወለ። ለእናቱ ለእማማ ውባንቺ እንዲነግርለት ለመነውና፣ ስለ እጮኛው ስለ ዘመናይ ጠየቀው።

“ደህና ናት” አለ ይሄይስ፤ ዘጋው።

ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ዘመናይን የተመኛት እሱ፣ ያጫት ፋንታሁን። እሱ ባሕር አይቶ አያውቅ፣ ለፋንታሁን መርከብ ይመጣለታል! ተዝካሩ ከተበላ በኋላ ሽማግሌ ሊልክ ቆርጦ ነበር። ሐሙስን ዝም አለ። ዓርብንም።

ቅዳሜ ደሃና ሲደርስ ዳሱ ሞልቷል። ዘመናይ ጠጉሯን ተላጭታ፣ ጥቁር ለብሳ ከፋንታሁን ፎቶ ሥር ተቀምጣለች፤ ይሄይስን ቀና ብላም አላየችው። ትመነኩሳለች አሉ፣ አጠገቡ ያሉ ሴቶች። ያን ጊዜ ነው የገባው። በሕይወት ያለ ሰው ያነክሳል፣ ያረጃል፣ ያስቀይማል፤ የሞተ ግን ዕለት ከዕለት እያማረበት ነው የሚሄድ። ከሞተ ጋር ተፎካክሮ ማን ይችላል?

ብድግ አለ። “እማማ፣ አያልቅሱ። ፋንታሁን አልሞተም። መርከብ ላይ እየታከመ ነው።”

አሮጊቷ ባሉበት ዘፍ አሉ። ዳሱ በእልልታና በለቅሶ ተደበላለቀ። ቄስ ገብረ አማኑኤል የከፈቱትን መጽሐፍ አጠፉና፣ እንግዲያው የቁም ተዝካር ይሁንለት፣ ብሉ አሉ።

ዘመናይ ብቻ ተነሥታ ተጠጋችው። “መቼ ሰማህ?”

“ሐሙስ።”

አየችው። ስድብ ቢሆን ይሻለው ነበር። ስልኩን ከእጁ ወስዳ፣ ኔትወርክ ወደሚገኝበት ጉብታ ወጣች፤ እሱም ከኋላዋ።

አስተርጓሚው አገናኛት። መጀመሪያ አለቀሰች። ቀጥሎ አዳመጠችና ግንባሯ ተቋጠረ።

“አጠገብህ የምትስቀው ማናት?... ነርስ? እሷ ናት የምታጎርስህ?... ቆንጆ ናት? ዝም አትበል፣ ንገረኝ እንጂ!”

ይሄይስ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። እሱን ያን ሁሉ ዓመት አንድ ቀን እንኳ፣ ከማን ጋር ዋልክ ብላው አታውቅም።