የሚያቃስተው ሞተር

በቅርብም በሩቅም ላላችሁ ሁሉ በታላቅ ክብር ይገለጻል፦ የመንደሩ የመጠጥ ውሃ ኮሚቴ በሁለት ረጃጅም ስብሰባዎች በጥልቀት ከመከረ በኋላ፣ የሊቀመንበሩ ወንበር ስፖንጅ እንዲለብስ በሙሉ ድምፅ ወስኗል።

ወንበሩም ለበሰ። ከቦኖው ለጥገና የተሰበሰበው ሳንቲም ሁሉ ስፖንጅ ሆኖ ቀረ። ሞተሩ ግን ማቃሰት ጀመረ።

መጀመሪያ የሰማው ሞተረኛው ነው። ዘንጉን የያዘው ኩሽኔታ አልቋል፤ መግዣው ላይ ደግሞ ሊቀመንበሩ ተቀምጦበታል። ሞተሩ ባቃሰተ ቁጥር ሞተረኛው ጆሮውን ያቀናል። ምግብ አልወርድ፣ እንቅልፍ አልወስድ አለው። ሚስቱ፣ "ከኔ ይልቅ የእሱን ትንፋሽ ነው የምታዳምጠው" ስትለው እንኳ አልሳቀም።

አንድ ጠዋት ሊቀመንበሩ፣ የሚስቱ ታላቅ ወንድም፣ ሞተር ቤቱ ድረስ መጣ።

"ስማ፣ ዛሬ ከውሃ ቢሮ ተቆጣጣሪ ይመጣል። በጀት ያለው ለቆመ ሞተር ነው። ለሚያቃስት የለም።"

"ታዲያ?"

"ታዲያማ ይቁም! ሰውየው መጥቶ እስኪሄድ አጥፋው። አዲስ ሞተር አገኘን ማለት ነው።"

"ጋሼ፣ ይሄ አንዴ ከጠፋ አይነሳም። አሁንም የሚዞረው ስለለመደ ነው።"

"አዲስ ይመጣል እያልኩህ!"

"መቼ?"

ሊቀመንበሩ ጉሮሮውን ጠረገ። "ሲፈቀድ።"

ይቺን ቃል ሞተረኛው በደንብ ያውቃታል። የታችኛው መንደር ሞተር ቆሞ "ሲፈቀድ" ከተባለ ወዲህ ቦኖው የዶሮ ማረፊያ ሆኗል፤ ሰዉም ከብት ከሚጠጣበት ኩሬ ይቀዳል። ባያጠፋውስ? ኩሽኔታው ዛሬ ነገ ሳይል ዘንጉን ነክሶ ይይዛል፣ ሞተሩ ይቃጠላል፤ ተቆጣጣሪው የሚመለሰው ደግሞ በዓመቱ ነው። እንዲህም ቢሆን፣ እንዲያም ቢሆን፣ ጣት የሚቀሰረው እሱ ላይ ነው።

መኪናው አቧራ እያስነሳ ብቅ ሲል እጁን ማጥፊያው ላይ አሳረፈ። በመስኮቱ ወረፋው ይታየዋል፤ አማቱ፣ የሊቀመንበሩ እናት፣ ጀሪካናቸውን ታቅፈው፣ "እኔ ነኝ ቀዳሚዋ፣ ዓይንሽ አያይም እንዴ?" እያሉ ከጎረቤታቸው ጋር ይነታረካሉ። ሞተሩ ድንገት ህቅ አለ። ሞተረኛውም ትንፋሹን ያዘ። ከዚያ ሞተሩ ቀጠለ።

ተቆጣጣሪው በሩ ላይ ቆመ። "ይሠራል ወይስ ቆሟል?"

ከጀርባው ሊቀመንበሩ ዓይኑን አጉረጥርጦ፣ መዳፉን አንገቱ ላይ እንደ ቢላ አመላለሰ።

"ይሠራል" አለ ሞተረኛው።

ተቆጣጣሪው አንድ ብርጭቆ ውሃ ጠጣ፣ "ጎበዝ!" አለ፣ ሄደ።

ሊቀመንበሩ መኪናው እስኪሰወር እንኳ አልታገሠም። "አንተ ሰው፣ ምን ነካህ? ፈርተህ ነው? እኔን ለማዋረድ ነው? ተናገር እንጂ!"

ሞተረኛው እጁን ከማጥፊያው ላይ አነሳና በመስኮቱ ጀሪካናቸውን ወደሚሞሉት አማቱ ተመለከተ።

"አልናገርም፣ ጋሼ።"