የወይዘሮ የሺሐረግ «ደህና ነኝ»

ወይዘሮ የሺሐረግ አልጋቸውን ትተው ሶፋ ላይ ቁጭ ብለው መተኛት ከጀመሩ አራት ወር አልፏቸዋል። ሲጋደሙ ግራ እግራቸውን እሳት ይበላዋል፤ ወደ መሬት ሲያንጠለጥሉት ረገብ ይላል። ልጃቸው ማራኪ ጠዋት ሶፋው ላይ ስታገኛቸው፣ «ቴሌቪዥን ሳይ እንቅልፍ ጣለኝ» ይሏታል። የቴሌቪዥኑን ቋንቋ እንደማይሰሙ ሁለቱም ያውቃሉ።

ማራኪ በስድስት ዓመቷ ከአክስቷ ጋር አሜሪካ የተላከች ልጅ ናት፤ እናቷን ያስመጣቻቸው ከሃያ ዓመት በኋላ ነው። በየጠዋቱ ከሚኖሩባት ከሜስኪት ከተማ አዲሰን የተባለ ሌላ ከተማ ድረስ ነድታ ሥራ ትገባለች። በሩን ከዘጋችበት ሰዓት ጀምሮ አፓርታማው ውስጥ የሚሰማው የማቀዝቀዣው ድምፅ ብቻ ነው። መጀመሪያ መጀመሪያ ወይዘሮዋ እስከ ፖስታ ሳጥኖቹ ይራመዱ ነበር፤ ደብዳቤ የሚጽፍላቸው ባይኖርም ደርሶ መመለሱ ራሱ ጉዳይ ነው። ኋላ ባታቸው እየጨመደደ መንገድ ላይ ያስቆማቸው ጀመር። ከዚያ እሱንም ተዉት። ብቸኝነት ክፉ ነው፤ ሕመም ሲጨመርበት የሚያማክሩት ግድግዳ ብቻ ይሆናል።

ሐኪም ሳያዩ ቀርተው አይደለም። በሚያዝያ ማራኪ ወስዳቸው ነበር። ሐኪሙ የቁርጭምጭሚታቸውን የደም ግፊት ከክንዳቸው ጋር አነጻጽሮ፣ ወደ እግር የሚወርደው የደም ሥር እንደጠበበ ነገራቸው። ሳይራመዱ፣ ተኝተውም ያማቸው እንደሆነ ጠየቀ። ማራኪ ተረጎመች።

«ደህና ነኝ፤ እግዚአብሔር ይመስገን» አሉ፣ ከወንበራቸው ብድግ እንደማለት ብለው። ለተከበረ ሰው ገና ከመግባት ሮሮ ይዘረገፋል እንዴ? ያውም ልጅ ፊት! አገር ቤት ቢሆን ሐኪሙ «ኧረ ይንገሩኝ» ብሎ ሁለቴ ሦስቴ ይለምናቸው ነበር፤ እሳቸውም በሦስተኛው ይናገሩ ነበር። ይሄኛው አንዴ ሰምቶ ጻፈ። የስኳር መድኃኒታቸውን እንዳያቋርጡ፣ አስፕሪን እንዲውጡ፣ እንዲራመዱ አዝዞ አሰናበታቸው። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» እያሉ ጎረቤት ሲመክሩ የኖሩት ሴትዮ እኮ እሳቸው ናቸው።

በመስከረም ትንሿ ጣታቸው ጠቆረች። ካልሲ አጠለቁባት። ማራኪ ያወቀችው በጠረኑ ነው፣ ቤቱ ሲሸት።

ሆስፒታል ውስጥ ቀዶ ጥገና የሚሠራው ሐኪም ሳይሸፋፍን ነገራቸው። የደም ሥሩን ውስጡ በሚነፋ ትንሽ ፊኛ መክፈት አለ፤ የእሳቸው ግን ረጅም ቦታ ስለተዘጋ አይሆንም። ከሌላው እግር ደም ሥር ወስዶ ለደሙ መዞሪያ መሥራት አለ። እሱ ካልያዘ፣ ከጉልበት በታች መቁረጥ ነው። ከዚያ ሕመማቸው ከዜሮ እስከ አስር ስንት እንደሆነ ጠየቀ።

«ደህና...» ብለው ጀመሩ።

«እማዬ፣ ፕሊስ!» አለች ማራኪ። እንባዋ መጣ። «ልጅ ሆኜ ኮል ስታደርጊ፣ ሁሌ እጠይቅሽ ነበር። ሁሌ ደህና ነኝ ትይኛለሽ። ሶ... ማለቴ፣ ያለ እኔ ደህና ናት ብዬ አሰብኩ። ሃያ ዓመት።»

ወይዘሮ የሺሐረግ ደነገጡ። ያኔ ልጅቷ እንዳትሳቀቅ ብለው፣ ስልኩን እስኪዘጉ የነጠላቸውን ጫፍ ነክሰው ነበር የሚያወሩት። እንባቸውን የሚያውቀው ያ ነጠላ ብቻ ነው።

«አስር በይው» አሉ። «ልጄ፣ ያኔም አስር ነበር።»

መዞሪያው ያዘ። ሁለት ጣት ሄደ፣ እግሩ ተረፈ። ሐኪሙ ዕድሜ ልክ ክትትል እንደሚያስፈልገው፣ መልሶም ሊዘጋ እንደሚችል አልደበቃቸውም።

ማራኪ ሥራ የተመለሰች ዕለት በሩ ላይ ቆማ፣ «ደህና ነሽ?» አለቻቸው።

«እግሬ ደህና ነው። ቀኑ ነው የሚረዝምብኝ» አሉ።

ማራኪ ቁልፏን እንደያዘች ትንሽ ዘገየች። ሥራ ግን ሥራ ነው፤ ሄደች። ማቀዝቀዣው ብቻውን ማጉረምረሙን ቀጠለ። በምሳ ሰዓት ስልኩ ጮኸ፤ ማራኪ ናት። ወይዘሮ የሺሐረግ እንዳያመልጣቸው ከሶፋው ተነሡ፤ እያነከሱ፣ በሁለት እግራቸው ሄደው አነሡት።