የምንይሉ መኪና አዲስ ፊት

ምንይሉ ብርድ ልብስ አስመጪ ነው፤ ሱቁ ከመሳለሚያ ወደ እህል በረንዳ በሚወስደው መንገድ ዳር። በዚያ ተራ የቅንጦት የኤሌክትሪክ መኪና መጀመሪያ ያቆመው እሱ ነው። ያን ጊዜ ድምፅ የሌለው መኪና ብርቅ ስለነበር ኩሊው ሳይቀር ጆንያውን እንደተሸከመ ቆሞ ያይለት ነበር። ይህ ናላውን አዞረው። የጎረቤቱ የጴጥሮስ የናፍጣ መኪና ጧት ጧት ሲንኳኳ፣ «ጴጥሮስ፣ ወፍጮህን አጥፋልን፣ ሰው መስማት አቃተን» እያለ ደንበኛ ፊት ያሸማቅቀው ነበር። ጴጥሮስ ይስቃል። የሚስቅ ሰው ቂም አይዝም ብሎ የሚያምን ሞኝ በመርካቶ ምድር ምንይሉ ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

ዘንድሮ ጴጥሮስ ያንኑ መኪና ገዛ፤ ግን አዲሱን ሼፕ። የፊት ፍርግርጉ ጠፍቶ ልሙጥ ሆኗል፤ መብራቱ ከዳር እስከ ዳር አንድ ቀጭን መስመር ነው። ሁለቱ ጎን ለጎን ሲቆሙ የምንይሉ መኪና እንቅልፍ አጥታ ያደረች ሴት መሰለች። ነጋዴው ሥራ ፈትቶ በዚህ ጉዳይ ይከራከር ጀመር።

«ሞተሩ ያው፣ ባትሪው ያው» አለ ምንይሉ። «ምኑ ነው የሚታደሰው? እንዲህ ያለ መኪና በየጊዜው ፊቱን ካልቀየረ ይሞታል እንዴ?»

«ውድ ዕቃ ካልታደሰ ውድነቱ በምን ይታወቃል?» አለ ጴጥሮስ። «አትቀየመኝና፣ ያንተን እኮ ትናንት አንዱ ታክሲ መስሎት አስቁሟታል።»

ሁሉም ሳቀ። ምንይሉም አብሮ ሳቀ።

ይህም ባልከፋ። የአንድያ ልጁ የእምነት ሠርግ ደርሷል። ሽማግሌ የተላከ ዕለት ምንይሉ ሰው ሁሉ እየሰማ ቃል ገብቷል፦ ልጄን ደጄ ላይ መርቄ፣ ሙሽሮቹን በገዛ መኪናዬ፣ መሪውን እኔው ይዤ እሸኛለሁ። ልጅቷ ከተወለደች ጀምሮ ሲያልመው የኖረው ይህንኑ ነው።

«አባዬ፣ እኔ በዚያ መኪና አልወጣም» አለችው እምነት፣ ጥፍሯን እየተቀባች። «ጓደኞቼ አሮጌው ሼፕ መሆኑን ያውቃሉ። ጋሼ ጴጥሮስ የራሳቸውን እሰጣለሁ ብለዋል።»

«የኔ ልጅ በጴጥሮስ መኪና?»

«እሱን ካልፈለግክ ያንተን ፊቷን አስቀይራት።»

ቀና ብላ እንኳን አላየችውም። በጣም ከፋው። ቢሆንም በማግስቱ ጧት ሶማሌ ተራ፣ ሙራድ የሚባል ላሜራ ቀጥቃጭ ደጅ ላይ ተገኘ። ወደ ሙራድ የላከው ጴጥሮስ ነው። ለናሙና የራሱን መኪና ከየአቅጣጫው ፎቶ ያስነሳውም ጴጥሮስ ነው፤ ያን ቀን ከወንድም በላይ ሆነለት።

«እናቷ አትለያትም፣ ጋሼ» አለ ሙራድ ፎቶውን አገላብጦ። የድሮውን ፓራውልት፣ የፊት መከላከያዋን፣ ነቅሎ በፋይበር አዲስ ፊት ሠራላት። ከፓራውልቱ ጋር አብረው የወጡትን፣ ከፊት የሚመጣውን የሚያዩ ትንንሽ ዓይኖች ይዞ ግን ትንሽ አመነታ። «ለነዚህ ቀዳዳ ልተውላቸው?»

«የጴጥሮስ ላይ አይታዩም። ድፈናቸው» አለ ምንይሉ።

ሙራድ ከውስጥ በኩል ለጠፋቸውና በላያቸው ስቱኮ ለቀለቀበት።

የሠርጉ ዕለት ምንይሉ ሙሉ ልብሱን ለብሶ ሄደ። ቀለሙ ገና መድረቁ ነው። መኪናዋን ሲያያት ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ እውነትም አምራለች። አበባውን ኮፋኖዋ ላይ አሳሰረና ተነሣ። መንገድ ላይ ገታ ገታ ስትልበት ቆይታ፣ መሳለሚያ ሲደርስ መኪናዋ በራሷ ፍሬን ይዛ ቀጥ አለች። ስክሪኑ ላይ ከፊት ለፊቷ ቀይ ግድግዳ ተሣለ፤ ምንይሉ ለጉራ ሲል ሳያጠፋው የኖረው በቻይንኛ የምታስጠነቅቅ ሴትዮ ድምፅም ይጮህ ጀመር። ወርዶ አየ። ከፊቷ ሰውም ዕቃም የለም። ገብቶ ነዳት፤ አንድ ክንድ ሄዳ እንደገና ቆመች። ደጋገመው፤ ያው ነው። መኪናዋ ያየችው ግድግዳ ያሠራላት ፊት ነበር።

ከኋላ ያለው ሁሉ ክላክሱን ለቀቀበት። የሚኒባስ ረዳት አንገቱን በመስኮት አውጥቶ፣ «ጋሼ፣ ሙሽራ ነው አስከሬን የጫኑት?» አለው። ስልኩ ጠራ፤ ሚስቱ ሠርኬ ናት።

«የት ነህ? ሙሽራው ገብቷል።»

«መሳለሚያ ነኝ። መኪናዋ አልሄድ አለችኝ።»

«እዚህ መሳለሚያ? ትተሃት በእግርህ ናና። ልጅቷ ጉልበት ስማ ልትወጣ ነው።»

«ጴጥሮስ እያየኝ? በእግሬ መጥቼ ልጄን ልዳር?»

የሠርኬ ድምፅ ተለወጠ። «እሺ። ጴጥሮስ እዚሁ አለ» ብላ ዘጋችው።

መሄድ ይችል ነበር፤ ይህን ልብ በሉልኝ። የሠርጉ ድንኳን ጫፍ ካለበት ይታየዋል። ምንይሉ ግን መኪናው ውስጥ ተመልሶ ገባ፤ አጠፋት፣ አስነሣት፣ ለመናት። ላብ የሸሚዙን ኮሌታ እስኪያበሰብሰው ድረስ ከዚያ ቀይ ግድግዳ ጋር ሲታገል ቆየ።

አጀቡ በእልልታና በጥሩምባ መጣ። ፊት ፊት የቪዲዮ ቀራጩ መኪና፣ ቀጥሎ አበባ የለበሰችው የጴጥሮስ መኪና፤ መሪውን የያዘው ጴጥሮስ። ምንይሉ ሮጦ መሀል መንገድ ገባ። የጴጥሮስ መኪና ሰው አየችና በራሷ ቀስ ብላ ቆመች።

መጀመሪያ አንገቱን ያወጣው ጴጥሮስ ነው። «ምንይሉ፣ ሴትዮህን አጥፋልን፣ ሰው መስማት አቃተን» አለ። አልሳቀም።

ምንይሉ ወደ ኋላው መስኮት ጎንበስ አለ። እምነት ከቬሏ ሥር አየችው።

«ልጄ፣ አንድ ጊዜ ውረጂልኝ። ልመርቅሽ።»

«ተመርቄያለሁ። እማዬ ጋሼ ጴጥሮስን በአንተ ወንበር አስቀመጠቻቸው። ጉልበታቸውን ስሜ ወጣሁ።»

የመስኮቱን ጠርዝ እንደያዘ ቀረ። እሷ ከፊት ያለውን ካሜራ አየችና ፈገግታዋን አስተካከለች።

«አባዬ፣ ዞር በልልኝ» አለች ዝግ ብላ። «ቪዲዮው ውስጥ እየገባህ ነው።»

ዞር አለ። የጴጥሮስም መኪና ከፊቷ ማንም እንደሌለ አይታ፣ ድምፅ ሳታሰማ ሄደች።